ስህተቱ የመሣሪያው አይደለም፦ በመናገሻ ዙሪያ የእጅ ጂፒኤስ ስለመምረጥ የቀረበ ምላሽ

የእጅ ጂፒኤስ ሊገዛ ያሰበ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ስልክህ ይበቃሃል፤ ገንዘብህን አታባክን» ይለዋል። ሌላው፣ ነገሩን ጠጋ ብሎ ያየው፣ «መግዛትህ ካልቀረ የስህተቱ መጠን ትንሽ የሆነውን ግዛ» ብሎ ይመክረዋል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ መሣሪያ የሚመዘነው ነጥቡን በስንት ሜትር ስህተት ያሳያል በሚለው ቁጥር ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። የእኔ ሙግት ከዚህ እምነት ጋር ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ባሉ ጋራዎችና ደኖች ሰውን መንገድ የሚያስተው ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከመሣሪያው አቅም ሳይሆን ከቅንብሩ ነው። መጠኑም በመቶዎች ሜትር ነው።

በመጀመሪያ ለስልክ ወዳጆች የሚገባቸውን ልስጥ። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ስልኮች ከአሜሪካው ጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያን፣ የአውሮፓንና የቻይናን ሳተላይቶች ይቀበላሉ። ሰማይ ተገልጦ በሚታይበት ሜዳ፣ ለምሳሌ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ጥሩ ስልክና መካከለኛ የእጅ ጂፒኤስ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ስለዚህ «ስልክ አይበቃም» የሚል ሰው ሳተላይት አቀባበልን ምክንያት አድርጎ ከሆነ ተሸንፏል።

የስህተቱ ቁጥር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ በኮኦርዲኔት እየተመሩ የተደበቀ ሣጥን የሚፈለግበት ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታ ራሱ የተወለደው የስህተቱ ቁጥር በአንድ ሌሊት ስለወረደ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሲቪሎች ሲግናል ላይ ሆን ብሎ ይጨምር የነበረውን መዛባት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 መጀመሪያ ላይ አቆመ፤ እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስህተት ወደ አሥርና ሃያ ሜትር ወረደ። በቀናት ውስጥ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ቦታውን በኮኦርዲኔት አሳወቀ፤ ሌሎችም ፈልገው አገኙት። ጨዋታው ከዚያ ወዲህ ያው ነው፤ አንዱ ይደብቃል፣ ሌላው በቁጥር እየተመራ ይፈልጋል። ልብ በሉ፤ መሣሪያው የሚያደርሰው ዛፉ አጠገብ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አምስት ሜትር የሚሠራው ዓይን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የኢትዮጵያን 1፡50,000 የቶፖግራፊ ካርታ የገለጠ ሰው ግርጌው ላይ «አዲንዳን» እና «ክላርክ 1880» የሚሉ ጽሑፎችን ያገኛል። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ያለ የቅየሳ መነሻ ነጥብ ነው። የቅየሳው ሰንሰለት ከዚያ ተነሥቶ በሱዳን በኩል ወደ እኛ አገር ዘልቋል። የአገሪቱ ካርታዎች ለብዙ ዓመታት በዚህ ዳተም፣ ማለትም በዚህ የልኬት መነሻ፣ ታትመዋል። ጂፒኤስ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀናበረው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ዳተም ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሁለቱ የዩቲኤም (በሜትር የሚቆጠረው የካርታ መረብ) ቁጥሮች ወደ ምሥራቅ በ95 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ በ200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። በካርታው ላይ ይህ ከ4 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነገር ነው፤ በእርሳስ ጫፍ ሊሸፈን ይችላል። መሬት ላይ ግን ከ200 ሜትር ይበልጣል።

ይህን ወጨጫ ላይ አስቡት። የመናገሻ ሱባ ደን የተዘረጋው በወጨጫ ተራራ ደቡብ ምዕራባዊ ጎን ላይ ነው፤ ጫፉ እስከ 3,385 ሜትር ይደርሳል። አንድ ሰው ከወረቀቱ ካርታ ላይ የአንድን ቦታ ቁጥር አንብቦ፣ ቅንብሩን ሳይነካ መሣሪያው ውስጥ ቢያስገባ፣ መሣሪያው የሚመራው ከትክክለኛው ቦታ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። በዚያ ጎን ላይ ደቡብ ምዕራብ ማለት ቁልቁል ማለት ነው። ሰውየው ከጥድና ከዝግባ ሥር ቆሞ መሣሪያው «ስህተቴ 3 ሜትር ነው» ይለዋል፤ መሣሪያውም አልዋሸም። የሚፈልገው ነገር ግን ከበላዩ፣ ሌላ ተረተር ላይ ነው። እንግዲህ ባለ 3 ሜትሩን ትቶ ባለ 1 ሜትሩን ቢገዛ ምን ይጠቅመዋል? ያው የተሳሳተ ቦታ ላይ በበለጠ ትክክለኛነት ይቆማል።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። እኛ አገር እጅ በእጅ የሚዞሩ ብዙ መሣሪያዎች በፊት የፕሮጀክት ወይም የመሥሪያ ቤት ዕቃ ስለነበሩ አዲንዳን ላይ ተቀናብረው ሊገኙ ይችላሉ። የጂኦካሺንግ ኮኦርዲኔት ደግሞ ሁልጊዜ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ስለዚህ የተዋሱትን መሣሪያ እንደበራ ይዞ መሄድ አደጋ አለው። በጋርሚን የእጅ መሣሪያዎች ላይ የዳተም ዝርዝሩ የሚገኘው በቅንብር ውስጥ፣ ከቦታ አጻጻፍ ምርጫው ጋር ነው። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለሆነ አዲንዳንን ለማግኘት ብዙ መውረድ አያሻም፤ አናቱ አካባቢ ነው። አብዛኞቹ የስልክ ካርታ መተግበሪያዎች ይህን ምርጫ ጭራሽ አያቀርቡም። የሚያቀርቡ ጥቂቶች አሉ፤ ፈልጎ የሚጭን ግን ስንት ሰው ነው? የእጅ ጂፒኤስ ከስልክ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ምክር ሰጪዎቹ ግን ሲያነሡት አይሰማም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ጨዋታው ኬክሮስና ኬንትሮስን የሚጽፈው በዲግሪና በነጥብ በተከፋፈለ ደቂቃ ነው። 8 ዲግሪ ከ58.450 ደቂቃ ተብሎ የተጻፈውን አንድ ሰው 58 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ብሎ ቢያስገባ ከ500 ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይስታል። ይህንንም የሚያርም ውድ መሣሪያ የለም።

«ባለ ሁለት ሞገዱን ግዙ» የሚሉት ግን ያልተነገረላቸው አንድ ጥሩ ምክንያት አላቸው። አዲስ አበባ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1957–58 የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ በአዲስ አበባ የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ቀጠና የላይኛው አየር ኤሌክትሪካዊ ንብርብር የሳተላይቱን ሲግናል ከሌሎች ቦታዎች ይበልጥ ያዘገያል፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላም ያናውጠዋል። ሁለት ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ፣ ለምሳሌ የጋርሚኑ ጂፒኤስማፕ 65፣ የመዘግየቱን አብዛኛውን ክፍል አስልቶ ሊቀንስ ይችላል። ለደን ጥናት ነጥብ ለሚይዝ ሰው ይህ ዋጋ አለው። ሣጥን ለሚፈልግ ሰው ግን ትርፉ ትንሽ ነው። በማሸጊያው ላይ በጉልህ የሚጻፉት «ዋስ» እና «ኤግኖስ» የተባሉ ማረሚያዎች ደግሞ የተዘጋጁት ለሰሜን አሜሪካና ለአውሮፓ ነው፤ ወጨጫ ላይ ለእነሱ መክፈል ከንቱ ነው።

ርካሹ መሣሪያ በጥሩ አያያዝ እንደሚበቃ የሚያሳይ ማስረጃ ከዚሁ ከኦሮሚያ አለ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመሩት ጥናት የእርሻ ማሳን በገመድና በኮምፓስ፣ እንዲሁም በእጅ ጂፒኤስ ለክተው አወዳድረዋል። ጂፒኤሱ ጊዜውን በብዙ አሳጠረ፤ የማሳዎቹ አማካይ ስፋትም በሁለቱ ዘዴ ተቀራራቢ ሆነ። ምስጢሩ ግልጽ ነው፤ በአንድ ዙር ጉዞ ውስጥ የሚፈጠረው ስህተት ከሞላ ጎደል ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ ማሳው ቦታውን ቢስትም ስፋቱ ብዙም አይዛባም። (ይህን ያነበበ የቡራዩ ባለይዞታ ግን የጎረቤቱን አጥር በእጅ ጂፒኤስ ለመከራከር እንዳይነሣ። 10 በ20 ሜትር በሆነ ይዞታ ላይ 3 ሜትር ስህተት ጠብ እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ እሱ የቀያሽ ሥራ ነው።)

ታዲያ ምን ይገዛ? የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚበላ፣ አዝራሩ በእርጥብ ጣት የሚሠራ፣ ዳተሙ የሚቀየር፣ የቆመበትን ነጥብ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን የሚይዝ መሣሪያ ይበቃል። የጋርሚኑ ኢትሬክስ 22ኤክስ በሁለት ድንጋይ 25 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ድንጋዩ ደግሞ ሰበታ ባለ ማንኛውም ሱቅ ይገኛል። ከፍታን በአየር ግፊት መከታተል የሚሻ ታላቅ ወንድሙን 32ኤክስን ይግዛ። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይተወው፤ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ አውታር ሲፈልግ ባትሪውን እንዳይጨርስ አጥፍቶ ይያዘው፤ እግር ቢወለም ሰው የሚጠራበት እሱ ነውና።

ለአሳታሚዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። የእግር መንገድ፣ የምንጭ፣ የዋሻ ወይም የታሪካዊ ቦታ ኮኦርዲኔት በመጽሐፍም በመጽሔትም የምታወጡ ሁሉ፣ ከቁጥሩ ጎን ዳተሙን ጻፉልን።