የሹፌሩ ወንበር የማን ጉዳይ ነው?

በዶሃ ብዙ ግቢዎች ውስጥ ሁለት ዓይነት መኪና ይቆማል። አንዱ አዲሱ ነው። ባባ ራሱ ይነዳዋል፤ በየሁለት ቀኑ ይታጠባል፤ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተነሣም። ሌላው አሮጌው ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይመላለሱበታል፤ ሩዙና የውሃው ካርቶን ይጫንበታል፤ ማዳም ወደ ልብስ ሰፊው የምትልከውም እሱን ነው። ይህኛው ለሹፌሩ ይሰጣል። ኤሲው ከቆመ በዚያው ቀን ይሠራል፤ ጎማው ካለቀ ይቀየራል፤ ጎማ ሲፈነዳ ቤተሰቡ በሙሉ መንገድ ላይ ይቀራልና። የሹፌሩ ወንበር ሲሰበር ግን የሚያውቀው የተቀመጠበት ሰው ብቻ ነው።

ስለ ደመወዝ መዘግየት፣ ስለ ስልክ መነጠቅ፣ ስለ እረፍት ቀን ደጋግመን ጽፈናል፤ ደግመንም እንጽፋለን። ስለ ወንበር ሲጻፍ ግን አላየሁም። ለቤት ሹፌር የሥራ ቦታው ያ ወንበር ነው። በቀን አምስት ሰዓት ብቻ ቢቀመጥበት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ የዓመት ፈቃዱ ተቀንሶ፣ በሁለት ዓመት ኮንትራት ወደ 3000 ሰዓት ይጠጋል። ከዚያም ብዙው ጊዜ የሚያልፈው በመጠበቅ ነው። ከሞል በር ላይ፣ ከክሊኒክ ፊት፣ ከሠርግ አዳራሽ ውጪ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይጠበቃል። መደገፊያው ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ትንሽ ይተኛል፣ ስልክ ሲጠራ ቀጥ ይደረጋል። የማጋደያውን ጥርስ የሚበላው ይኸው በቀን አሥር ጊዜ መጋደምና መነሣት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መደገፊያው አልይዝ ሲል ከኋላው ካርቶን ወይም ጀሪካን ይወተፋል። ስፖንጁ ሲሰምጥ ትራስ ይነጠፋል። ወንበሩ በሐዲዱ ላይ ሲንሸራተት እንጨት ይሰካበታል ወይም በሽቦ ይታሰራል። ወገብ ሲያመም ፓናዶል ይዋጣል። «በወንበር ምክንያት እንጀራዬን ልጣ?» ይላል ሰውየው፣ ለማንም ሳይናገር። እኔ ደግሞ የምለው፦ የተሰበረ የሹፌር ወንበር እንደ ተበላሸ ፍሬን መታየት አለበት። ማሳወቅ የሹፌሩ ሥራ ነው፤ ማሠራት የባለ መኪናው። ሁለቱም እስኪሆኑ ድረስ ልጅ ከዚያ ወንበር ኋላ መቀመጥ የለበትም።

ዝምታውን ከሀገር ቤት ይዘነው ሳንመጣ አልቀረንም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ላዳ ታክሲዎች ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል፤ ጋቢና የገባ ተሳፋሪ ከሹፌሩ ወንበር ሥር የጎማ ቁራጭ ወይም ጣውላ ተሰክቶ ቢያይ አይደንቀውም። ሚኒባሱም ከዚያ አይሻልም። በኢትዮጵያ መኪና ውድ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የተጣለውን ታክስ በጣም ከፍ ካደረገው ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠጋግኖ መንዳት የግድ ሆነ። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሌላ መኪና ዕቃ አስመስሎ ማስገጠም እንደ ብልሃት ይቆጠራል፤ ብልሃትም ነው፣ አልንቀውም። ነገር ግን ያ ብልሃት የተማረው በመጨናነቅ መካከል ቀስ ብሎ በሚሄድ መኪና ላይ ነው። በሳልዋ መንገድ ወይም ወደ አል ኾር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከኋላችሁ የሚመጣው ላንድክሩዘር መብራቱን እያበራ፣ እያጠፋ ይጠጋችኋል። በዚያ ፍጥነት ጣውላ ወንበር አይዝም።

የመኪና ወንበር ለምቾት ብቻ የተሠራ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። የደህንነት ቀበቶው ሥራውን የሚሠራው ወንበሩ በቦታው ከቆመ ነው። በብዙ መኪኖች የቀበቶው መቆለፊያ የተያያዘው ከወንበሩ ብረት ጋር ስለሆነ ወንበሩ ከተነቀለ ቀበቶውም አብሮ ይሄዳል። መደገፊያው በጣም ወደ ኋላ ከተጋደመ የትከሻው ቀበቶ ከደረት ይርቃል፤ መኪናው ድንገት ሲቆም ሰውነት ከታች ሾልኮ ይወጣል፤ የወገቡ ቀበቶ ዳሌ ላይ መያዙ ቀርቶ ሆድ ላይ ይጨክናል። ሐዲዱ ካልቆለፈ ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ ሹፌሩ ወደ መሪው ይወረወራል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እግሩም ፍሬኑ ላይ አይደርስም።

የከፋው ግን ከኋላ የሚመጣ ግጭት ነው። ያን ጊዜ ሹፌሩን የሚይዘው ቀበቶው ሳይሆን መደገፊያው ነው። መደገፊያው ከተሰበረ ሹፌሩ በጀርባው ይወድቃል፤ እጁ መሪውን፣ እግሩ ፍሬኑን ይለቃል፤ የወንበሩ አናት ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ ይመታል። አሜሪካ ውስጥ የወንበር ጥንካሬ መመዘኛው የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ መመዘኛውን ያሟላ ወንበር ሳይቀር በግጭት ወደ ኋላ ታጥፎ ከኋላ ያሉ ሕፃናትን ጎድቷል ተብሎ ለዓመታት ክርክር ሲደረግበት ቆይቷል። ከፋብሪካ የወጣው እንዲህ ካከራከረ በሽቦ ስለታሰረው ምን ይባላል?

እህቶቼ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል የምለው ለዚህ ነው። ከመካከላችሁ ራሳችሁ መሪ የያዛችሁ አላችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ግን ከኋላ፣ ሕፃን ይዛችሁ የምትሄዱ ናችሁ። ሹፌሩ ሕንዳዊ ወይም ባንግላዴሻዊ ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋ ላያግባባችሁ ይችላል። ወንበሩን ግን ታዩታላችሁ። መደገፊያው ወደ ጉልበታችሁ የሚመጣ ከሆነ፣ ሲነዳ የሚንቋቋ ከሆነ ልጁን ወደ ሌላኛው ጎን አዛውሩት፤ የልጅ መቀመጫውም ካለ ከሹፌሩ ኋላ አይታሰር። ከወንበሩ ሥር የሚገባውን ነገርም ጠብቁ። የልጅ ጡጦ፣ መጫወቻ፣ የቴምር ፍሬ፣ ሳንቲም ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ መቆለፊያውን ሳይዝ ያስቀረዋል፤ ጡጦው ወደ ፊት ከተንከባለለ ደግሞ ከፍሬኑ ፔዳል ሥር ይወተፋል። በዶሃ አሸዋውም አለ፤ በጫማ ይገባል፣ ከሐዲዱ ቅባት ጋር ተጣብቆ ይደርቃል። ቤት የምትጠርጉበት መጥረጊያ ማሽን በሳምንት አንድ ጊዜ እዚያ ቢደርስ ብዙ ነገር ያድናል። ማዳምን በቀን አሥር ጊዜ የምታናግሯት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ ሹፌሩ ከባባ ጋር የሚነጋገረው በስልክ፣ በሁለት ቃል ነው። እናንተ ብትነግሯት ይሰማል።

ሕጉ ምን ይላል? በካታር በ2017 እንደ ፈረንጆች የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 ሹፌርን ከሞግዚት፣ ከምግብ አብሳይና ከአትክልተኛ ጋር በስም ጠቅሶ ያቅፈዋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ10 አይበልጥም፤ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ እረፍት አለ። ከወንበራችን ጋር የሚገናኘው ግን ሌላው ክፍል ነው። አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና ጤና ለአደጋ እንዳያጋልጥ ግዴታ ተጥሎበታል። ሠራተኛውን ወይም ሠራተኛዋን ከባድ አደጋ የሚያሰጋ ነገር ካለ፣ አሠሪውም ይህን እያወቀ ካላስወገደው፣ ኮንትራቱ ሳያልቅ ሥራውን መተውና የአገልግሎት ክፍያን ሙሉ በሙሉ መቀበል ይቻላል። «እያወቀ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አሠሪው ማወቁ ካልተረጋገጠ ሕጉ የሚይዘው ነገር የለም። ያልተናገረ ሹፌር ሕጉን ራሱ ዘግቶታል ማለት ነው። ያው ሕግ ደግሞ ሠራተኛው የአሠሪውን ንብረት እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ስለዚህ «ወንበሩ ተሰብሯል» ብሎ መናገር አቤቱታ ከመሆኑ በፊት የሥራው አንድ ክፍል ነው።

አነጋገሩ ግን ብልሃት ይፈልጋል። እውነቱን እንነጋገር፤ «ወገቤን አመመኝ» የሚል መልእክት ብዙ ቤት ውስጥ ሳይመለስ ይቀራል፣ ወይም «ፓናዶል ውሰድ» የሚል መልስ ያመጣል። ይህ ያሳዝናል፤ የሰው ወገብ ራሱ በቂ ምክንያት መሆን ነበረበት። ሆኖም ዓላማው ወንበሩ እንዲሠራ ነውና የሚሰማውን ቃል አስቀድሙ፦ «ኩርሲ ኸርባን፣ ኸጠር አለል አውላድ»፤ ወንበሩ ተበላሽቷል፣ ለልጆቹ አደጋ ነው። በቃል ብቻ አይቅር። መደገፊያው ሲወድቅ ወይም ወንበሩ ሲንሸራተት የአሥር ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጹና በዋትሳፕ ላኩ። ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ቪዲዮ ድገሙ፤ ስድብም ማስፈራሪያም አትጨምሩ። ነገሩ ወደ ሥራ ሚኒስቴር፣ ከዚያም ወደ ሠራተኞች ክርክር ኮሚቴ የሚደርስ ከሆነ ያ መልእክት የእናንተ ምስክር ነው። አዲስ ቤት የሚገባ ሹፌር ደግሞ ቁልፉን በተቀበለ ቀን መኪናውን ዙሪያውን፣ ወንበሩንም ጨምሮ ቢቀርጽ በኋላ «አንተ ነህ የሰበርከው» የሚል ክርክር አይነሣበትም።

ጠዋት ሞተር ከማስነሣት በፊት አንድ ደቂቃ በቂ ነው። ተቀምጣችሁ በሁለት እግር ወለሉን ገፍታችሁ ወንበሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ናጡት። ሙሉው ወንበር ከተንቀሳቀሰ ሐዲዱ አልቆለፈም ወይም ወለሉ ላይ የሚይዘው ብሎን ላልቷል፤ ብሎን ከሆነ ጋራዥ ውስጥ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። መደገፊያው ብቻ ከተነቃነቀ ማጋደያው ተበልቷል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሞላው ወይም ብረቱ ተሰብሯል። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር ድንገት ድርቅ ካለ ፊውዙ አስቀድሞ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ተቃጠለ ተብሎ ገንዘብ የሚወጣው ለአንዲት ፊውዝ ነው።

ራሳችሁ አትፍቱት። በብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግ የተቀበረው ወንበሩ ውስጥ ነው፤ ከሥር የሚታየው ቢጫ ሶኬት የእሱ ነው። ያለ ሙያ የነካካው ሰው ኤርባጉን ሊያፈነዳ፣ ቢያንስ ደግሞ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አብርቶ ሌላ ወጪ ሊያመጣ ይችላል። ሰናያ ውስጥ ርካሹ መፍትሔ ብየዳ ነው፤ ባባም ዋጋውን ሲሰማ ይስማማል። ለማጋደያ ብየዳ አልስማማም። ብረቱ በሙቀት ጠባዩ ይለወጣል፤ ከውጭ ጠንካራ የሚመስለው ስፌት የግጭት ቀን ሊሰነጠቅ ይችላል። አዲስ ዕቃ ውድ ከሆነ ከተመሳሳይ ሞዴል የወጣ፣ አደጋ ያልደረሰበት ያገለገለ ሙሉ ወንበር ይሻላል። ስፖንጅና ልብስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወንበር ሰፊ ዘንድ በአንድ ቀን ያልቃል። አንዳንዴ ጉድለቱ የፋብሪካው ይሆናል፤ የካታር ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ከመኪና አስመጪዎች ጋር ሆኖ ጉድለት የተገኘባቸውን ሞዴሎች ለነፃ ጥገና ሲጠራ በየጊዜው ይሰማል፤ የመኪናችሁን ስም ካያችሁ ለባባ ላኩለት። ነፃ የሚለውን ቃል ይወደዋል።

«ብናገር ያባርረኛል» የሚለውን ፍርሃት አላቃልለውም። በእርግጥም የሚያባርር አለ። ከ2020 ወዲህ የማስጠንቀቂያ ጊዜን ጠብቆ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየር በሕግ ቢፈቀድም፣ ብድር ያለበት፣ ሀገር ቤት ልጅ የሚያስተምር ሰው ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ነገር ግን በሌላ በኩል ያለውንም ቁጠሩት። አደጋ ሲደርስ የሚጠየቀው መሪውን የያዘው ነው። ወገቡ የተጎዳ ሹፌር ኮንትራቱ አይታደስለትም፤ ሀገሩ ተመልሶም ሚኒባስ መንዳት፣ ጆንያ ማንሣት አይችልም። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ዋትሳፕ መልእክት ለመሸሽ ከሆነ ዋጋው በጣም በዝቷል። ከማውቃቸው አሠሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በሹፌሩ ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጠው አያውቁም፣ ያ ብቻ ነው። ባባ ራሱ አሮጌውን መኪና አንድ ጊዜ ወደ ባቅላ ቢነዳው ወንበሩ በማግስቱ ይሠራ ነበር።

ጥሩ አጋጣሚም በዓመት አንዴ ይመጣል። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ መኪና ኢስቲማራው የሚታደሰው ፋህስ ገብቶ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በፊት መኪናው ጋራዥ መግባቱ፣ ባባም ኪሱን መክፈቱ አይቀርም። ኢስቲማራው ላይ የተጻፈውን ቀን ዛሬ አይታችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። አደጋ ያለው ብልሽት እስከዚያ አይጠብቅም፤ የሰመጠው ስፖንጅና የሚንቋቋው ብረት ግን ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ከፍሬን ሸራውና ከጎማው ጋር በአንድ መልእክት ይላክ።