ቁሩን የሸሸጉ ምስክሮች

በአገራችን ስለ ባሕር ማዶ ኑሮ ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ እንደ ብርዱ የተናቀ የለም። ደመወዙ በዶላር ተቆጥሮ፣ የመንገዱ ስፋት፣ የትምህርት ቤቱ ማዕረግ፣ የሐኪም ቤቱ ንጽሕና በየሠርጉና በየለቅሶው ቤት ይተረካል፤ ብርዱን ያነሣ ሰው ሲገኝ ግን «ካፖርት ደርቦ መውጣት ነው እንጂ!» በሚል አንድ ቃል ነገሩ ይዘጋል። ይህ አነጋገር ለተናጋሪው ምቹ፣ ለሰሚውም ደስ የሚያሰኝ በመሆኑ ከቤት ወደ ቤት ሲዛመት ኖሮ ዛሬ እንደ ቀኖና የማይመረመር ሆኖአል። እኔ ግን ሐሰት ነው እላለሁ፤ ያውም እያወቁ የሚናገሩት፣ ዕዳውን ተናጋሪው ሳይሆን ሰሚው የሚከፍለው ሐሰት።

ይህ ቃል በአዲስ አበባ እንደ ልቡ ከሚመላለስባቸው ስፍራዎች አንዱ አራዳ ነው። ከፒያሳ ፎቶግራፍ ቤቶች በአንዱ ለዲቪ የሚሆን ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ማመልከቻውን አስሞልቶ፣ ሚኒሶታን በልቡ እየሣለ ወደ ቸርችል ጎዳና የሚወርድ ወጣት፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖልን መድፍ ምሳሌ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ሊሄድበት ስላሰበው አገር ከደላላውና ከዘመዱ ይልቅ እውነቱን ሊነግረው የሚችለው ግን የዚያ መድፍ ባለቤት ልጅ ታሪክ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና በመንገድ ሳሉ ስላረፉ፣ ሕፃኑ በካፒቴን ስፒዲ ሞግዚትነት ተሻገረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው በርኅራኄ ተቀበሉት፤ ከአሳዳጊው ጋር ጥቂት ጊዜ በህንድ ከቆየ በኋላ የመኳንንት ልጆች በሚማሩበት በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. ግን በሰሜን እንግሊዝ በሊድስ ከተማ፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በሳንባ ልባስ በሽታ ዐረፈ፤ ዐፅሙም እስከ ዛሬ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ይገኛል። ብርድ ገደለው ብዬ አልምልም፤ ናፍቆትና ብቸኝነት ድርሻቸውን ሳይወስዱ አልቀሩም። ነገር ግን «ካፖርት ነው» የሚሉትን ጠቢባን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ በዚያ ዘመን ከዚያ ልጅ ይልቅ የሱፍ ልብስ፣ የእሳት ምድጃና ሐኪም የቀረበለት ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ማን ነበር?

ከካፖርቱ ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር «የደጋ ልጅ ብርድ አይፈራም» የሚለው ነው፤ ያልተነካ ግልግል ያውቃል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እንዲህ የሚሉት ሰዎች የገዛ ከተማቸውን ታሪክ ዘንግተዋል፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ሜዳ ወርደው አዲስ አበባን እንዲቈረቁሩ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ የእንጦጦ ቁርና ነፋስ ነበርና፣ ይህች መዲና ራሷ ከብርድ የሸሹ ሰዎች ሥራ ናት። ደግሞስ የእኛ ብርድ ጠባዩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በመዓልትና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል፤ በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ደራርቦ ጥርሱን ሲያፋጭ ያደረ ሰው፣ ረፋድ ላይ ከደጃፉ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ የሌሊቱን ረስቶ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። የሰሜኑ ቁር ግን ረፋድ የለውም። በሚኒያፖሊስ የጥር ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ያህል ነው፤ ቢነጋም ውሃ ከሚረጋበት መጠን ከፍ የሚልበት ቀን ጥቂት ነው። እኛ ጥር 11 ቀን በጃን ሜዳ ነጭ ለብሰን፣ በባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ውሃ እየተረጨን በምንውልበት ሰሞን፣ በሚኒሶታ ሐይቅ ላይ መኪና ይነዳል። ይህን ላላየ ሰው «ትንሽ ይበርዳል» ብሎ መንገር ዝም ከማለት የከፋ ነው።

ከቁሩም የሚብሰው ጨለማው ነው። የአዲስ አበባ አጭሩ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም፤ በስቶክሆልም ግን በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትቈየው ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ያውም ደመናው ከፈቀደ። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚመለስ ሠራተኛ ፀሐይን በመስኮት ካላያት አያያትም። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ የጠቈረ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጩ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ የፀሐይ ብርሃን ይሻል፤ ይህ ሲጐድል አጥንት ይደክማል፣ የሕፃናትም እግር እስከ መጕበጥ ይደርሳል። ብርሃን ሲያንስ በየዓመቱ እየተመላለሰ የሚይዝ ድብርትም በሕክምና የታወቀ ደዌ ነው። ይህ ደዌ የጸናበት ሰው በስልክ ድምፁ ሲቀዘቅዝ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠው ወንድሙ «ጠግቦ ነው፤ ምን ጐድሎበት!» ይላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ስለ ምን አይነገርም? የሄዱት ሰዎች ስለማያውቁት አይደለም። በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ በር ላይ እግሩ እስኪደነዝዝ ያመሸ፣ የማሞቂያው ሒሳብ ከቤት ኪራዩ ጋር ተደምሮ ደመወዙን እንዴት እንደሚበላው ጣቱን እያጠፈ የቈጠረ ሰው፣ ለእናቱ የሚልከው በመጀመሪያው በረዶ ውስጥ የተነሣውን ፎቶግራፍ ነው፤ እጁን ዘርግቶ፣ እየሳቀ፣ ራሱና ትከሻው በተባዘተ ጥጥ የተነሰነሰ መስሎ። ፎቶግራፉ እንደ ተነሣ ወዲያው ሮጦ ወደ ቤት መግባቱን እናቲቱ አታይም። እውነቱን ቢጽፍ «አልሆነለትም» ይባላል፤ ለጉዞው የተሸጠው ቤት፣ የተበደረው ገንዘብ፣ በሽኝቱ ዕለት የመረቁት ሽማግሎች ሁሉ ተባብረው አፉን ይይዙታል። ስለዚህ እኔ ከሄደው ይልቅ በቀረነው ላይ እፈርዳለሁ። ምስክሩን አስቀድመን አስፈራርተን ስናበቃ ምስክርነቱ ሐሰት ሆነ ብለን ብንከስስ ዳኝነታችን ምን ይባላል? ስንደውልለት የምንጠይቀው መቼ እንደሚልክልን ነው እንጂ ቤቱ ይሞቅ እንደ ሆነ አይደለም። ስለ ደላላው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እሱ ሻጭ ነው።

ከረኃብና ከእስር የሸሸ ሰው ስለ ብርድ ሊያጕረመርም አይገባውም የሚሉ አሉ። ለሸሸው ሰው የሚመርጠው ነገር እንደሌለው እኔም አልክድም፤ ነገር ግን ብርድን መናገር ለምን እንደ ነውር ይቈጠራል? ቅዱስ ጳውሎስ በሮም ታስሮ፣ ሞቱንም እየጠበቀ ሳለ፣ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት፣ ክረምትም ሳይገባ እንዲደርስለት ጢሞቴዎስን ለምኖታል፤ ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ሽሽታቸው በክረምት እንዳይሆን እንዲጸልዩ አዟቸዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንኳ በስደታቸው ዘመን፣ በፍልውሃዋ ጤናቸውን ለማስታመም ወደ ባዝ ከተማ ሄደው ነው እስከ 1932 ዓ.ም. በዚያው የተቀመጡት፤ ፍልውሃን ብላ ከእንጦጦ ከወረደች መዲና የተሰደደ ንጉሥ በእንግሊዝ አገርም ፍልውሃ አጠገብ ማረፉ የታሪክ ቀልድ ይመስለኛል። ለሐዋርያና ለንጉሥ ያላሳፈረ ነገር ለቦሌ ተሳፋሪ የሚያሳፍር አይደለም።

መምረጥ ስለሚችለው ሰው ግን ዝም ማለት አይቻልም፤ በዲቪ የሚሄደው ደግሞ ሰዎች ከሚገምቱት ይበልጥ መምረጥ ይችላል። የመኖሪያ ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ወደ አሜሪካ ለመግባት በአብዛኛው እስከ ስድስት ወር ጊዜ ስላለው፣ በኅዳር የተቀበለ ሰው ፋሲካን ከዘመዶቹ ጋር ውሎ፣ በረዶው ሲቀልጥ በሚያዝያ ሊገባ፣ ሥራና ቤትም ፀሐይ እያየ ሊፈልግ፣ የቤት ኪራዩ ማሞቂያውን ይጨምር እንደ ሆነ ቀስ ብሎ ሊጠይቅ፣ ካፖርቱንም ብርዱን ከሚያውቁት ሰዎች ገበያ ሊገዛ ይችል ነበር። እኛ ግን ቪዛው በተሰጠ በሳምንቱ ትኬት አስቈርጠን፣ ድፎ ዳቦ ቈርሰን፣ ከመርካቶ የተገዛ ስስ ጃኬት አልብሰን፣ በጥር ወር አጋማሽ ሚኒሶታ ላይ እንጥለዋለን፤ ሊቀበለው አውሮፕላን ጣቢያ የመጣው የአጎቱ ልጅም፣ ጓንት ያጠለቀ እጁን እየዘረጋ፣ «ብርዱን ለምን አልነገርከኝም?» ሲባል፣ «ብነግርህ ትቀር ነበር?» ብሎ ይስቃል። ይቀር ነበር ወይስ አይቀርም የራሱ የወጣቱ ፍርድ ነበር፤ የአጎቱ ልጅ ፈረደለት።