በዛብህን ማን ቀበረው?

«ፍቅር እስከ መቃብር ስለ ምንድን ነው?» ብለው አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ ቢጠይቁ ሳያመነታ ይመልስልዎታል፦ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ፍቅር። ጠለቅ ብሎ ያነበበው ደግሞ ስለ ባላባት ሥርዓት ግፍ ነው ይላል፤ ጉዱ ካሣንም ምስክር አድርጎ ይጠራል። ሁለቱም አልዋሹም። ነገር ግን መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ተጨፍልቆ የቀረ አንድ ሰው አለ። እሱም በዛብህ ራሱ ነው፤ አፍቃሪው ሳይሆን ለስለት የተሰጠው ልጅ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በዛብህ ሰብለን ከማየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ዕጣው ተቆርጦለት ነበር። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ተሳሉት። ልጁን የጠየቀው የለም። ስለቱ የነሱ፣ ዕዳው የሱ ሆነ። ከማንኩሳ ወጥቶ ተማሪ ሆኖ፣ በዕውቀቱ ተከብሮ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲገባ የሚገጥመው አጥር የጌታው ግቢ ብቻ አይደለም። በገዛ ልቡም ውስጥ የቆመ አጥር አለ፦ ሌሎች በስሜ የገቡትን ቃል ልፈጽም ወይስ የራሴን ሕይወት ልኑር? ይህ አንድ ልጅ ሰው የመሆን ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪኩን ከበዛብህ ወላጆች ጋብቻ የጀመሩት ለጌጥ ነው? የፍቅር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከፊታውራሪው ደጃፍ መነሣት ይበቃቸው ነበር።

ታዲያ ለምን አላየነውም? የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ መጽሐፉን በሬዲዮ ለአገር ሲያደርስ ሕዝቡ አለቀሰ። ዕንባው ክፉ አይደለም፤ ግን ዕንባ ዓይን ይጋርዳል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ልብ ወለድን በመደብ ሚዛን መመዘን ልማድ ሆነና ጉዱ ካሣ ነቢይ፣ ፊታውራሪው ተከሳሽ፣ በዛብህ የግፍ ሰለባ ተብለው ተመደቡ። ሰለባ ደግሞ ይታዘንለታል እንጂ ምን አሰበ፣ በምን ተጠራጠረ ተብሎ አይጠየቅም።

«ልጅ ሰው ሲሆን የሚያሳይ ልብ ወለድ የምትለው የፈረንጅ መለኪያ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው ከፈረንጅ አገር እንውጣና ናይጄሪያን እንይ። ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው «ፐርፕል ሂቢስከስ» ካምቢሊ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ አለች። አባቷ ዩጂን ባለጸጋ፣ አጥባቂ ካቶሊክና ወታደራዊውን መንግሥት የሚተች ጋዜጣ ባለቤት ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን በእግዚአብሔር ስም ሚስቱንና ልጆቹን ይደበድባል። ልጅቷ ንሱካ አክስቷ ቤት ሄዳ መሳቅን ትማራለች፤ ልቧም በአንድ ወጣት ቄስ ላይ ያርፋል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2005 የኮመንዌልዝ ደራስያን ሽልማትን በምርጥ የመጀመሪያ መጽሐፍነት አገኘ። ስለ አምባገነኖቹም፣ ስለ ሃይማኖቱም፣ ደራሲዋ የቺኑዋ አቼቤ ወራሽ ስለ መሆኗም ብዙ ተባለ። ሆኖም ተራኪዋ ራሷ ካምቢሊ በመሆኗ እሷን ዘሎ ማለፍ አስቸጋሪ ነው። በዛብህ ይህ ዕድል አልነበረውም፤ ታሪኩን የሚተርክለት ሌላ ነውና ሐያሲ እንደ ልቡ ይዘለዋል። እንጂ የሁለቱ ልጆች ጥያቄ አንድ ነው፦ የወላጅ እምነት የልጅ ዕጣ ሲሆን ልጁ ምን ይሁን?

«ይህ ያለፈ ዘመን ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ላስታ ድረስ ይሂድ። ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አሸተን ማርያም የሚወጣ ጎብኚ አለቱን፣ መስቀሉንና ብራናውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ያንን ብራና የሚያነበው ካህን በምን መንገድ አድጎ እዚያ እንደ ደረሰ ግን አይጠይቅም። ላስታ፣ ቅኔዋ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የሚጠራው የዋድላ ጎረቤት ናት። በዚያ ደጋ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ያደገ ስንት ሊቅ አለ! አንዱ ወዶ ገብቶበታል፤ ሌላው ተሰጥቶ። ልዩነቱን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው። ጎብኚው አለቱን አይቶ ልጁን እንደሚያልፈው ሁሉ ሐያስያኖቻችንም ፍቅሩንና ሥርዓቱን አይተው በዛብህን አልፈውታል።

ስለትን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምጽፈው። እናት በጭንቋ ጊዜ የምትሳለውን ማን ይፈርድባታል? የምነቅፈው ያልተጠየቀውን ልጅ እኛም ሳንጠይቀው ማለፋችንን ነው። መጽሐፉን በክፍል የሚያስተምር መምህር «ሰብለንና በዛብህን የለያያቸው ማን ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «በስምህ ሌላ ሰው የገባው ቃል ቢኖር ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ተማሪውን ይሞክረው። ያን ጊዜ መልሱ በማስታወሻ ደብተር አይገኝም። ለሐኪምነት፣ ለመሐንዲስነት፣ ለውጭ አገር ኑሮ ገና በጨቅላነቱ «የተሳሉት» የከተማ ልጅ ሁሉ በዛብህን ያውቀዋል፤ ያላስተዋወቅነው እኛ ነን።