ክረምት እስኪገባ?

በፈተና ሰሞን ወደ ቤተ መጻሕፍት ስንጣደፍ አንድ ጓደኛዬ «እግዚአብሔርንስ ክረምት ሲገባ እናስበዋለን» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን ሲከነክነኝ አደረ። መቸም ብዙዎቻችን አምላካችንን ሥራ ስንፈታ እንደሚጠየቅ ዘመድ አድርገነዋል፤ የፈተናው ወረቀት ሲታደል እጃችን የሚንቀጠቀጠውም ብቻችንን የተቀመጥን ስለሚመስለን ነው።

በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ለትምህርት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው፥ ትምህርቱ አልገባ ቢላቸው ለገዳሙ እህል ሲፈጩ ዓመታት ቆዩ ይባላል። እየፈጩም ይጸልዩ ነበር እንጂ እህሉ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ የገዳም እህል ደግሞ መቼ ያልቃል? የቀንና የሌሊቱን ጸሎት በየሰዓቱ የደለደለውን መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሱት እኒሁ ፈጪ ናቸው።

ይህን ስል መጽሐፋችሁን ዘግታችሁ ጸልዩ ማለቴ አይደለም፤ አባ ጊዮርጊስ ዱቄቱን ባያደርሱ መነኮሳቱ ጦማቸውን ባደሩ ነበር። እኔ የምለው፥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስንሮጥ እርሱ አብሮን መኖሩን አምነን እንሩጥ ነው።

ጓደኛዬ ይህን አንብቦ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ፤ በፈተናው ዕለት ጧት ግን ከአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሲያማትብ አየዋለሁ።