ስጦታው ይዙር፤ ስሙ ግን አይፋቅ

የገና በዓል በተቃረበ ቁጥር የተማሪዎች ማኅበር ለደብረ ታቦር ከተማ ችግረኛ ሕፃናት የሚሆን ስጦታ እንደሚያሰባስብ ይታወቃል። ዘንድሮ ግን ነገሩ በየመኝታ ክፍሉ ክርክር አስነሥቷል። ይኸውም በሣጥኑ ውስጥ ከገቡት ዕቃዎች የሚበዙት ከሱቅ የተገዙ ሳይሆኑ፣ ለእኛው በስጦታ መጥተው ሳንገለገልባቸው የቀሩ መሆናቸው ስለ ታወቀ ነው። «የተሰጡትን መልሶ መስጠት ሰጪውን ማዋረድ፣ ተቀባዩንም መናቅ ነው» የሚሉ ጓደኞቻችን ብዙ ናቸው፤ ከመምህራኖቻችንም ይህን አሳብ የሚደግፉ አልጠፉም። እኛ ግን አንደግፈውም።

ክርክሩን የቀሰቀሰችው አንዲት ቀይ የፕላስቲክ የእሽቅድምድም መኪና ናት። እስካሁን ከነካርቶኗ ናት። በካርቶኑ ላይ ሦስት ጊዜ ተለጥፎ ሦስት ጊዜ የተላጠ የስጦታ ወረቀት ምልክት ይታያል። ማን ለማን እንደ ሰጣት የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ዕቃ የማያውቅ ቤትም የለም። የግድግዳ ሰዓት፣ ስድስት ብርጭቆ ከነሣጥኑ፣ የአልጋ ልብስ ከነላስቲኩ፤ ሠርግ ቤት ገብቶ፣ ከሠርግ ቤት ወጥቶ ለቤት ምረቃ ሄዶ፣ አንዳንድ ጊዜም ዞሮ ዞሮ ከመጀመሪያው ባለቤት እጅ ይገባል። ያን ጊዜ እንግዳውም ባለቤቱም የሚሆኑት ሲጠፋቸው ያላየ ማን ነው?

እንግዲህ ጥያቄው ነውሩ ከምኑ ላይ ነው የሚለው ነው። ከመዞሩ ላይ ነው እንዳንል፣ በአገራችን ስጦታ ድሮም ዘዋሪ ነው። ከከተማችን ጋር አንድ ስም የሚጋራውን የደብረ ታቦርን በዓል፣ ቡሄን፣ እንመልከት። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ የቤቱ እመቤት ሙልሙል ትሰጣለች። ልጁም ያገኘውን ሙልሙል ብቻውን አይበላውም፤ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ የተረፈውን ለታናናሾቹ ያደርሳል። ነገር ግን «ይህ የእትዬ እገሊት ነው» እየተባለ በስሙ ይበላል፤ ጨው የበዛበት እንደሆነም በስሙ ይታማል። አራስ ጠይቃ የምትመለስ ሴት አገልግሏን ባዶውን ይዛ አትሄድም፤ የተጨመረላት እንጀራ ወይም ቆሎ ከሌላ ጎረቤት የመጣ ቢሆን «ይህም ከነእገሌ ነው» ይባልላታል እንጂ የሚቀየም የለም።

እርግጥ ነው፣ መዞር የሌለበት ስጦታ አለ። አንዲት እናት ጥጡን በእጅዋ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ አሠርታ፣ ከጋይንት ወይም ከእስቴ ለልጅዋ የላከችው ጋቢ የሚዘዋወር ዕቃ አይደለም። ማኅበሩ እንዲህ ያለውን ቢቀበል እኛው እንቃወማለን። (የጉናን ነፋስ የሚያውቅ ተማሪ ደግሞ ጋቢውን ለማንም አይሰጥም፤ ስለዚህ ለዚህ ብዙ አንሰጋም።) ከዚህ በቀር ያለው ዕቃ ይዙር። ነውሩ የሚጀምረው የሰጪው ስም ተልጦ፣ ዕቃው ከራስ ኪስ የወጣ መስሎ ሲቀርብ ነው።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1855 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ሽጉጥ ለዐፄ ቴዎድሮስ አምጥቶ ሰጠ። ሽጉጡ ላይ ማን ለማን እንደ ሰጠው፣ ስለ ምንም እንደ ሰጠው ተቀርጾበት ነበር፤ ምክንያቱም ንጉሠ ነገሥቱ ለቀድሞው ቆንስል ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና ነው። ስሙ በብረት ላይ የተጻፈ ስጦታ ማለት ይህ ነው። በኋላ የመጣውን ጠብ ሁላችንም ተምረነዋል።

ብዙዎቻችን የማናስታውሰው የፋሲካውን ስጦታ ነው። በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3፣ ጦርነቱ በአሮጌ ሜዳ ሆነ። በፋሲካው ዕለት፣ ሚያዝያ 5፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለጄኔራል ናፒየር 1,000 ላሞችና 500 በጎች ላኩ። በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለውን የተቀበለ ሰው ዕርቁን ተቀበለ ማለት ነው። ናፒየር መጀመሪያ የሚቀበል መሰለ፤ የመቀበሉ ትርጉም ዕርቅ መሆኑ በተነገረው ጊዜ ግን ከብቶቹ ወደ ሰፈሩ እንዳይገቡ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ስጦታቸው እንዳልተወሰደ ሲሰሙ የሚመጣውን ዐወቁ። በማግሥቱ መቅደላ ተያዘች፤ እሳቸውም በዚያው ከንግሥቲቱ በተላከላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ዝርፊያ ነው። የብራና መጻሕፍት፣ ዘውዶች፣ ጽዋዎች፣ ታቦታት ሳይቀሩ ተወሰዱ፤ ለማጓጓዣ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። በደላንታም ሜዳ ለወታደሩ በጨረታ ተሸጡ። ይኸው ዘረፋ ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ መምጣት ጀመረ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የዐፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አበረከቱ። አበረከቱ ተባለ! የራስ ዕቃ ለራስ ሲበረከት ከዚህ የበለጠ የተላጠ ካርቶን ከየት ይመጣል? በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የሎንዶኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ዕቃዎች በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጠን እንደሚችል ገለጠ። በ1957 ስጦታ ይባል የነበረው ጭራሽ ወደ ውሰት ወረደ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን ጸጉር በመለሰ ጊዜ ግን ነገሩ መመለስ ተብሎ በስሙ ተጠራ፤ ስለዚህ ክብሩ ለሁለቱም ወገን ሆነ። ቆቡና ማኅተሙ በመምጣታቸው አላዘንንም፤ ያዘንነው የመጡበት መንገድ በመሸፈኑ ነው። ስለ ቀይዋ መኪናም የምንለው ይህንኑ ነው።

መኪናዋን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። በመካከላችን የኦቶሞቢል እሽቅድምድም ፍቅር የያዛቸው ወንድሞች እንዳሉ የታወቀ ነው። የነጂውን ስም፣ የመኪናውን ቁጥር፣ ጎማ የለወጡበትን ሰኮንድ ሳይቀር ከስልካቸው ላይ ሲያነቡ ያመሻሉ። ጎረቤታችን ኬንያ የምታስተናግደው የሳፋሪ ውድድር በ1945 ዓ.ም. ለዚያችው ለንግሥት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል መታሰቢያ መጀመሩን የነገሩን እነርሱ ናቸው። ፍቅራቸውን አንነቅፍም፤ ሚኒባስ ነጂዎቻችን ከእነርሱ እንዳይማሩ ብቻ እንጸልያለን።

ነገር ግን ከዚህ ከራሳችን ከተማ አጠገብ፣ ከጋፋት፣ የተነሣውን የመንኰራኵር ጉዞ ስንቶቻችን በዚያ ፍቅር እናወራዋለን? ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በጋፋት ቀለጠ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ሲነሡ በሠረገላ ላይ አስጭነው በመቶ በሚቈጠር ሰው እያስጎተቱ ነበር። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ፤ ድንጋይ በማንሣቱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይቀድሙ ነበር። በዘቢጥ አድርገው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው፣ ስድስት ወር ያህል ፈጅተው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። በሌላው አቅጣጫ ናፒየር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ መድፎቹን በ44 ዝሆኖች አስጭኖ ይገሠግሥ ነበር። ማን ቀድሞ ይደርሳል የተባለበት እሽቅድምድም ከነበረ ይህ ነበር። ቀድመው የደረሱት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ መቅደላን ግን አላዳነላቸውም። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ያለው አምሳያው ነው። ዛሬ ከወረታ ወልድያ በሚወስደው፣ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ላይ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ደብረ ዘቢጥ ላይ በመስኮት ወደ ገደሉ የሚመለከት ሰው የዚያን ጕተታ ክብደት ሊገምት ይችላል።

እንግዲህ ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ሣጥኑ አይመለስ፤ የተሰጠንንም መስጠት አይከልከል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ «ከእገሌ ለእገሌ፣ ከእገሌም ለአንተ» የሚል ትንሽ ወረቀት ይያያዝ። መጀመሪያ የሰጠንም ሰው ይነገረው፤ የሚቀየም ከሆነ ዕቃው ይቅር። የቀይዋን መኪና ሰጪ ማወቅ ስላልተቻለ «ብዙ እጅ አልፋ የመጣች» ተብሎ ይጻፍባት፤ የምትደርሰው ልጅም ትንሽ የሚስቅበት ያገኛል። የመኪና እሽቅድምድም አፍቃሪ ወንድሞቻችን ደግሞ በዕደላው ዕለት ሕፃናቱን ይዘው በእግር እስከ ጋፋት ቢያደርሷቸውና ስለ ሴባስቶፖል ቢነግሯቸው እንወዳለን። የሰኮንዱን ነገር ለሚያውቅ ሰው የስድስት ወሩን ነገር መንገር አያቅተውም።

ሣጥኑ እስከ ታኅሣሥ 20 ቀን ድረስ በማኅበሩ ቢሮ ይቆያል። ወረቀትና መርፌ ቁልፍ ከዚያው ይገኛል።