የካፋ ቡና መዝገብ በማን እጅ ይቀመጥ?

አንድ ኮንቴይነር 320 ኬሻ ቡና ይጭናል። የ319ኙ ኬሻ መነሻ ቢታወቅና መነሻው ያልታወቀ የአንድ ኬሻ ቡና ቢቀላቀልበት፣ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ ሕግ መሠረት ጭነቱ በሙሉ ገበያ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው ይህ ሕግ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፤ ገዢውም ቡናው የተለቀመበትን ቦታ በካርታ ነጥብ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች የተቆረጠው ቀን ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ነው።

ነገሩ ቦንጋ ላይ ሲደርስ ይጠጥራል። ሕጉ ከ4 ሔክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል ይላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው ይለካል። ታዲያ ከጫካ የሚለቀመው የካፋ ቡና ማሳው የትኛው ነው? ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ብሎ በመዘገበው በዚህ ደን ውስጥ፣ በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁ ገበሬዎች በጋራ የሚለቅሙበት ቦታ አለ። የግል አጥር የለውም። ወሰኑን አንዱ ላኪ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ አድርጎ ቢለካው ገዢው የትኛውን ይመን?

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ማገበያየት ሲጀምር ክፍያው ፈጠነ፤ ሚዛኑም ታመነ። ቡናው ግን በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ስለተቀላቀለ የገበሬው ስም መጋዘን ደጃፍ ላይ ቀረ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 በሩን ከፈት አድርጎ ቀጥታ ሽያጭን ፈቀደ። አሁን ያለው ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ሁሉም የየራሱን መዝገብ ሊይዝ ይሯሯጣል። እሸቱን ለሁለት አቅራቢ የሚሸጥ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይለካል፣ ሁለት ቁጥር ይሰጠዋል፤ የሁለቱም ወጪ ዞሮ ዞሮ ከእሸቱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ገዢ መቀየር ሲያምረው ደግሞ መረጃው ከቀድሞው ገዢ ኮምፒዩተር አይወጣለትም።

በበለጸጉት አገሮች ፋብሪካዎች የአንድን ምርት ታሪክ ከንድፉ እስከ መወገጃው በመዝገብ ይከታተላሉ። ባላንጣ ድርጅቶች በአንድ ቋንቋ እንዲመዘግቡ የሚያደርገው ግን ሸቀጥ የማይሸጥ ገለልተኛ አካል ነው። ባርኮድን እንውሰድ። የ12 የአውሮፓ አገሮች አምራቾችና ቸርቻሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ብራሰልስ ላይ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ዋጋ አይተምንም፣ ፈቃድ አይሰጥም፤ ሥራው ቁጥሩ እንዳይደራረብ መጠበቅ ነው። የኮሎምቢያ ቡና አምራቾች ፌዴሬሽንም ከ500 ሺህ በላይ አምራቾችን በአንድ ሥርዓት መዝግቧል፤ ነገር ግን ፌዴሬሽኑ ራሱ ቡና ስለሚገዛና ስለሚሸጥ ለእኛ ሙሉ አርአያ አይሆንም።

በእኛስ ማን ይያዘው? የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ፈቃድ ሰጪም ተቆጣጣሪም ነው፤ ነጋዴ ለተቆጣጣሪው ሁሉን ገልጦ አይናገርም። የላኪዎች ማኅበር አባላት እርስ በርስ ይወዳደራሉ። መቀመጫውን ቦንጋ ያደረገው የጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንም ለገበሬው ቢቀርብም ራሱ ሻጭ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል። በእኔ እምነት የሚያስፈልገው ገበሬው፣ አቅራቢው፣ ላኪውና ምርት ገበያው እኩል ድምፅ የሚኖራቸው፣ ባለሥልጣኑም ያለ ድምፅ በታዛቢነት የሚቀመጥበት፣ ቡና የማይነካ ማኅበር ነው።

የቦንጋ አቅራቢዎች ሥጋት ይገባኛል። ከማን እንደሚገዛ የተጻፈበት ወረቀት ለተፎካካሪ እጅ ከገባ ደንበኛው ተነጠቀ ማለት ነው፤ ግብር ሰብሳቢውም አለ። ስለዚህ መዝገቡ ሁለት ኪስ ይኑረው። ቦታው፣ የወሰን ልኬቱና የተለቀመበት ቀን ለገዢው ይታይ፤ ማን ለማን በስንት ሸጠ የሚለው በማኅበሩ ደጅ አይለፍ። የመሬቱ ቁጥር የገበሬው ወይም የደን ማኅበሩ ይሁንና ገዢ ሲቀይሩ ይዘውት ይሂዱ።

ወጪው ከሚላከው ኬሻ ላይ በትንሽ መዋጮ ይሸፈን። በውጭ እርዳታ ይጀመር የሚሉ ይኖራሉ። የመለኪያ መሣሪያውን መግዣ ከሆነ እሰየው፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ ከኬሻው ይከፈል።