ማደባለቅ ብቻውን አያቀራርብም፦ በዩኒቨርሲቲ ዶርም ምደባ ላይ የማኅበራችን አቋም

የዚህ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር አባላት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በብሔር ወይም በቋንቋ ተለይተው ዶርም ይመደቡ የሚለውን ሐሳብ እንቃወማለን። ቀላቅሎ ማሳደር ብቻውን ይበቃል የሚለውንም አንቀበልም።

ስጋቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎቻችን በተነሡ ግጭቶች ተማሪዎች ተገድለዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ልጁን ሩቅ አገር የላከ ወላጅ «ከአገሩ ልጆች ጋር ይደር» ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን ተለያይተው ያደሩ ተማሪዎች ስለ ሌላው የሚያውቁት በወሬ ብቻ ይሆናል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ተገናኞቹ እኩል ሲሆኑ፣ የጋራ ግብ ይዘው ሲተባበሩና ተቋሙ ሲደግፋቸው ነው። በዚያው ዓመት ሌላው ተመራማሪ ሙዛፈር ሸሪፍ በኦክላሆማ በአንድ ካምፕ 22 ወንድ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ አወዳደረ። ውድድሩ ጠብ ወለደ፤ አብረው ይብሉ ሲባል ምግብ ተወራወሩ። ጠቡ መርገብ የጀመረው የካምፑ ውኃ ተቋርጦ የሁሉንም ጉልበት ሲጠይቅ ነው። (ውኃውን ሆን ብለው ያቋረጡት አጥኚዎቹ ነበሩ፤ ለግቢዎቻችን እንዲህ ያለ ዘዴ አያስፈልግም።) ሙከራው ትንሽ ነው፤ የአጥኚዎቹም እጅ በዝቶበታል። የበለጠ የምንደገፈው ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ግምገማ ነው፤ ከ500 በላይ ጥናቶችን መርምረው መገናኘት ባብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ የኦልፖርት ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ይበልጥ እንደሚሠራ አሳይተዋል።

ስለዚህ ዶርሙን ቀላቅሎ ትምህርቱን እንደነበረ መተው ሥራውን በግማሽ ማቆም ነው። የፍሬሽ ተማሪዎችን የቡድን ሥራ መምህሩ ራሱ ይመድብ፤ ምርጫው ለተማሪው ከተተወ የሚያውቀውን ይዞ ይመጣል። ኤልየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በኦስቲን እንደሞከረው፣ እያንዳንዱ ተማሪ ሌሎቹ ያለ እሱ የማይጨርሱትን ክፍል ይያዝ። አንዱ ሠርቶ አራቱ ስም የሚያስጽፉበትን አሠራር እንደ ቡድን ሥራ አንቆጥረውም። በአነጋገሩ የሚሳቅበት ተማሪ ባለበት ክፍልም እኩልነት አለ ማለት ስለማይቻል፣ መምህራንና ፕሮክተሮች ይህን በዝምታ እንዳያልፉ ሥልጠና ይሰጣቸው።

ሆኖም ስጋት ባለበት መገናኘት ጥላቻን ሊያባብስም ይችላል። ዛቻ የደረሰበት ተማሪ አቤቱታው በዕለቱ ይታይለት፤ ከዶርሙ የሚወጣውም የዛተው እንጂ የተዛተበት አይሁን።